ታይሚንግ ቺንጋ ግቢ ውስጥ ስትቀይሩ፦ የምልክት አገጣጠም ለወሎ ባለኮሮላዎች

ደሴ ላይ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው አንድ ልማድ አለው። ባትሪው ደከም ካለ መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ያድራል። ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ ያስገባና ፍሬኑን ለቆ በመንደርደር ያስነሳዋል። ከተማው ራሱ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ነገሩ ይቀላል። ችግሩ የሚመጣው ታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም የፒስተንና የቫልቭን እንቅስቃሴ በአንድ ልክ የሚያስኬደው ባለጥርስ ቀበቶ፣ ካረጀ ነው። ፍሪሲዮኑ ድንገት ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን በኃይል ይነቀንቀዋል። የላላ ወይም ጥርሱ የተበላ ቺንጋ ያን ጊዜ አንድ ጥርስ ሊዘል ይችላል። ከዚያ በኋላ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት እያቃሰቱ መውጣት ነው።

ቺንጋ መቀየር ራሱ ያን ያህል አይከብድም። ብሎን መፍታትና ማሰር ነው። ሰው የሚሳሳተው ጊሮቹን የሚያገጣጥመው ምልክት ላይ ነው። ምልክቱን ሦስት ጊዜ ታያላችሁ። አንድ፣ ምንም ሳትፈቱ። ሁለት፣ አዲሱ ቺንጋ ሲገባ። ሦስት፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ካዞራችሁ በኋላ። ሦስተኛውን ሳታዩ የመኪናውን ቁልፍ እንዳትነኩ።

ቺንጋ ነው ወይስ ሰንሰለት?

ቪትዝ ወይም ቤንዚን ያሪስ ያላችሁ እዚሁ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። የእናንተ ሞተር በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ቤንዚን ኮሮላም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰንሰለት ዞሯል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የሞተሩን ጎን እዩት። ቺንጋ ያለው ሞተር ቺንጋውን የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ቀላል የፕላስቲክ ክዳን ነው። ሰንሰለት ግን ዘይት ውስጥ ስለሚዞር ክዳኑ ብረት ነው፤ ዙሪያውንም በደንብ የታሸገ ነው።

እኔ እዚህ የማወራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለተሠራው ኮሮላ፣ በተለይ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ስላለው ነው። ለጀማሪ እሱን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም። ተሳስታችሁ ብታስነሱት መኪናው ይንተፋተፋል ወይም አይነሳም እንጂ ቫልቭ አይታጠፍም። ናፍጣ ሞተር ላይ ግን ይህ ምሕረት የለም። የእሱን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ታይሚንግ ምንድነው ለሚል በአጭሩ ልንገር። ታች ያለው ክራንክ ሻፍት ፒስተኖቹን ያወጣል፣ ያወርዳል። ላይ ያለው ካም ሻፍት ቫልቮቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ክራንኩ ሁለት ዙር ሲዞር ካሙ አንድ ዙር ይዞራል። ለዚህ ነው የታችኛው ጊር ጥርስ የላይኛው ግማሽ የሆነው። ቺንጋው ሁለቱን ያስተሳስራቸዋል። ምልክት የሚባለው ደግሞ አንደኛው ፒስተን ጫፍ ሲደርስ ሁለቱ ጊሮች የት መቆም እንዳለባቸው ፋብሪካው ብረቱ ላይ የተወው ነጥብ ነው።

ቦታና ዕቃ

ደሴ ውስጥ ሜዳ መሬት ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ግቢ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ በዚህ በኩል ታድላችኋል። ቦታው ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። ሞተሩን በእጅ ስታዞሩ ማርሹ ባዶ መሆን አለበት። የቀኙ የፊት ጎማ ደግሞ ተነስቷል። መኪናውን የሚይዘው የእጅ ፍሬንና ድንጋይ ብቻ ነው ማለት ነው። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ትልልቅ ድንጋይ አስደግፉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ መኪናው ሥር ጠንካራ መደገፊያ አስገቡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጣሪያ ከሌላችሁ አትጀምሩት። አዲስ ቺንጋ ውሃም ዘይትም እንዲነካው አይፈለግም።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ቡሶላ ከነረጅም እጀታው፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ የቶርክ ቁልፍ (የብሎን ጥብቀት የሚለካው)፣ የእጅ ባትሪ። በዚህ ላይ ሁለት ሰው የማያስባቸው ነገሮች ጨምሩ፦ ነጭ ኩቴክስና የኪስ መስታወት። ጥቅማቸውን ታያላችሁ።

መለዋወጫ ስትገዙ ቺንጋውን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። የማወጠሪያው ኩሽኔታና ሞላ፣ የካምና የክራንክ ፓራኦሊዮም (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) አብረው ይገዙ። ፓራኦሊዮ ካንጠባጠበ አዲሱን ቺንጋ ዘይት ይበላዋል፤ ሥራውም እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። በአንዳንድ መኪና የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ፓምፑም አብሮ ቢቀየር ይሻላል። 4ኤ-ኤፍኢ ላይ ግን ፓምፑ የሚዞረው በውጪው ቺንጋ ስለሆነ ካላፈሰሰ ተዉት። አሮጌው ከወጣ በኋላ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ የጥርሱን ቁጥርና ስፋቱን አመሳክሩ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ።

ከመፍታት በፊት፦ የመጀመሪያው እይታ

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ። ቀኙን ጎማ አንሱ፣ የጎን መከለያ ፕላስቲኩን ፍቱ፣ የውጪ ቺንጋዎቹን አላልታችሁ አውጡ።

ቀጥሎ ትልቁን የክራንክ ብሎን አላሉት። ይህን ቶሎ የምላችሁ ብሎኑ ሲፈታ ሞተሩ ስለሚዞር ነው። ምልክቱን አስተካክላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብትፈቱት ልፋታችሁ ውሃ በላው ማለት ነው። አምስተኛ ማርሽ አስገቡ፣ አንድ ሰው ፍሬኑን አጥብቆ ይርገጥ፣ እናንተ ረጅሙን እጀታ ተጫኑ። እጀታውን መሬት አስደግፎ ስታርተር የሚነካ አለ። ይሠራል፤ ግን እጅም ሊሰብር ስለሚችል እኔ አልመክረውም። ብሎኑን አላልታችሁ በጣታችሁ መልሳችሁ አጥብቁት፣ ምክንያቱም ሞተሩን የምታዞሩት በእሱ ነው።

አሁን ማርሹን ባዶ አድርጉና አራቱንም ካንዴላ ንቀሉ። ካንዴላው ሲወጣ ሞተሩ በቀላሉ ይዞራል። የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) የላይ ክዳንና የላይኛውን የፕላስቲክ ሽፋን አንሱ።

ክራንኩን በሰዓት አዙሪት አቅጣጫ፣ ማለትም ፑሊውን (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለውን የውጪ ቺንጋ መዘውር) ፊት ለፊት እያያችሁ ወደ ቀኝ፣ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ሌላ ሰው በአንደኛው፣ ማለትም ለቺንጋው ቅርብ በሆነው፣ ካንዴላ ቀዳዳ ላይ ጣቱን ያድርግ። አየሩ ጣቱን ሲገፋ ፒስተኑ እየወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይናችሁን ፑሊው ላይ አድርጉ። ጠርዙ ላይ ቀጭን ጭረት አለ። ፊት ለፊቱ ሽፋኑ ላይ ደግሞ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ጭረቱ 0 ላይ ይቁም።

10 ላይ ሳይሆን 0 ላይ! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይስታል። 10 ላይ ያለው ምልክት ሞተሩ ሲሠራ የእሳት ሰዓት፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ፣ በታይሚንግ መብራት የሚታይበት ነው። ከቺንጋው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ቁጥሮቹ በጭቃና በዘይት ስለሚሸፈኑ በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ ጥረጉና 0ዋን በኩቴክስ ቀቧት። የፑሊውንም ጭረት ቀቡት።

ወደ ላይ ሂዱ። የካም ጊሩ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለ። ከጊሩ ጀርባ፣ ካሙን የሚይዘው ብረት ላይ ደግሞ ትንሽ ምልክት አለ። ባትሪ አብርታችሁ በቀዳዳው ውስጥ እዩ። ትክክል ከሆነ ያ ምልክት ቀዳዳው መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ጊሩ ላይ ከአንድ በላይ ቀዳዳ ካለ አትደናገጡ፤ ያው ጊር ለተለያየ ሞተር ስለሚውል ነው። ለ4ኤ-ኤፍኢ የሚፈለገው ኬ የሚል የላቲን ፊደል ያለበት ቀዳዳ ነው።

ታች 0 ላይ ሆኖ የላይኛው ቀዳዳ ተቃራኒው ጎን ከሆነስ? አብሽሩ፣ ምንም አልተበላሸም። ፒስተኑ ጫፍ የደረሰው በጭስ ማስወጫው ዙር ነው። ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ፤ የላይኛው ራሱ ይመጣል። ግን የላይኛው ትንሽ ብቻ፣ አንድ ጥርስ ያህል ከቀረ ወይም ካለፈ አሮጌው ቺንጋ ቀድሞውኑ ዘሎ ነበር ማለት ነው።

ለዚህም ነው አሮጌው ቺንጋና ጊሮቹ ላይ ቀለም ቀብቶ፣ ያንኑ ወደ አዲሱ ቺንጋ ገልብጦ የሚያስገባውን ዘዴ ብቻውን የማልወደው። አሮጌው ዘሎ ከነበረ ስህተቱን ነው የምትገለብጡት። ቀለም ቀቡ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ጥሩ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ግን ብረቱ ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት ነው።

ማውጣት

ከሞተሩ ሥር፣ ዘይት መያዣው ላይ፣ ወፍራም እንጨት አድርጋችሁ በክሪክ ደግፉ። እንጨት ከሌለ ክሪኩ ቆርቆሮውን ያጎደጉደዋል። የቀኙን የሞተር መያዣ ፍቱ። የክራንክ ፑሊውን አውጡ፣ የታችኛውን ሽፋን ፍቱ።

ፑሊው ሲወጣ 0ና ጭረቱ አብረው ይሄዳሉ። ይህ አያስጨንቃችሁ። የታችኛው ጊር ራሱ ላይ ነጥብ አለ፤ ከጎኑ የዘይት ፓምፑ አካል ላይም እንዲሁ። አሁን የምትመለከቱት እነዚህን ሁለቱን ነው። ብርሃን አብሩ፣ ጥረጉ፣ ኩቴክስ ቀቡ።

የማወጠሪያውን ብሎን አላሉት፤ ከሞላው በተቃራኒ ገፍታችሁ መልሳችሁ አጥብቁት። ቺንጋው ይላላል፣ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ክራንኩንም ካሙንም አታንቀሳቅሱ። ካሙ በቫልቭ ሞላ ተገፍቶ ትንሽ ከዘለለ ግን በቁልፍ ይዛችሁ በቀስታ መልሱት።

ማወጠሪያውን በጣታችሁ አሽከርክሩት። ከጮኸ፣ ከተንገጫገጨ ወይም ያለ ምንም ግጭት ብዙ ከዞረ ይቀየር። ፓራኦሊዮዎቹን ቀይሩ። ጊሮቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።

ማስገባት፦ ሁለተኛው እይታ

አዲሱን ቺንጋ አታጥፉት፣ አትገልብጡት፣ በካቻቢቴ እየጎረጎራችሁ አታስገቡት። ቀስት ካለበት ቀስቱ ሞተሩ ወደሚዞርበት ይሁን።

አገባቡ ቅደም ተከተል አለው። ከታች ክራንኩ ላይ ጀምሩ። ከዚያ ማወጠሪያው በሌለበት ጎን ቺንጋውን ወደ ላይ ወጥራችሁ ካሙ ላይ አስገቡ። በመጨረሻ ማወጠሪያው ባለበት ጎን ይውረድ። ላላ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ማወጠሪያው ጎን መሰብሰብ አለበት። በሌላኛው ጎን ትንሽ እንኳ ልል ከቀረ፣ ማወጠሪያው ሲለቀቅ ካሙን ይጎትተውና ምልክቱ ይሄዳል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ቺንጋውን ካሙ ጊር ላይ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ሦስተኛ እጅ ይሆናችኋል።

ቀዳዳው ግማሽ ጥርስ ያህል አልገጥም ካለ ካሙን በቁልፍ ትንሽ ወደ አንዱ ጎን አዙራችሁ ቺንጋውን አስቀምጡ፣ ከዚያ ሲወጠር መሃል ይመጣል። «ግማሽ ጥርስ ምን ያደርጋል» ብላችሁ እንዳትተዉት። ቺንጋ ግማሽ ጥርስ የሚባል ነገር አያውቅም፤ አንዱ ጥርስ ላይ ነው የሚቀመጠው። የታችኛው ጊር 20 ጥርስ ካለው አንድ ጥርስ ማለት የክራንኩ 18 ዲግሪ ነው። ትንሽ አይደለም።

አሁን መስታወቱ ይምጣ። በፓራፋንጎውና በሞተሩ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የታችኛውን ምልክት የሚያየው ከላይ አንገቱን አዝምሞ ነው። ከጎን የታየ ምልክት ይዋሻል። አንዱ ብረት ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ስለሆነ ዓይናችሁ ከላይ ከሆነ ገጥሞ ሳለ ያልገጠመ፣ ሳይገጥም የገጠመ ይመስላል። የኪስ መስታወቱን ከጊሩ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና በእሱ እዩ። ወይም ስልካችሁን በቪዲዮ ከፍታችሁ ወደ ታች አውርዱና ካሜራው ከጊሩ መሃል ጋር እኩል ሲሆን የተቀረጸውን አይታችሁ ፍረዱ።

ሁለቱም ከገጠሙ የማወጠሪያውን ብሎን አላሉት። ሞላው ራሱ ይወጥረው። በእጃችሁ አትግፉት።

ሦስተኛው እይታ

የክራንክ ብሎኑን በጣት አስገብታችሁ ሞተሩን በቀስታ፣ በሰዓት አዙሪት አቅጣጫ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ስታርተር አይነካም። ወደ ኋላም አትመልሱ። መሃል ላይ ጠንካራ ነገር ነክቶ እምቢ ካለ ቁሙ። እጀታ አስረዝማችሁ አትታገሉት። አንድ ነገር ይዞታል ማለት ነውና ምክንያቱን ሳታገኙ አትቀጥሉ።

ሁለቱ ዙር ሲያልቅ ታችም ላይም ምልክቶቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው መግባት አለባቸው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው በከንቱ ይደነግጣል። አንዳንድ አዲስ ቺንጋ ላይ ነጭ መስመር ታትሟል። ከሁለት ዙር በኋላ ያ መስመር ከጊሩ ምልክት ጋር አይገጥምም። መግጠምም የለበትም፤ የቺንጋው ጥርስ ብዛት ከጊሮቹ ዙር ጋር እኩል አይደለም። የምታዩት የብረቱን ምልክት ብቻ ነው።

ምልክቱ ገጥሞ ካያችሁት የማወጠሪያውን ብሎን በ37 ኒውተን ሜትር እሰሩ።

አንድ የኛ አገር ጉዳይ አለ። ሐረጎን በፈላ ውሃ ሲወጡ የኖሩ አሮጌ ኮሮላዎች ብዙዎቹ ቴስታታቸው ቶርኖ ቤት ገብቶ ተልጓል። የተላገ ቴስታታ ዝቅ ስለሚል ካሙ ወደ ክራንኩ በጥቂቱ ይቀርባል። በዚህ የተነሳ ላይ ያለው ምልክት ድርብብ ብሎ መሃል ላይ ላይቀመጥ ይችላል፤ በፀጉር ያህል ወደ አንድ ጎን ያደላል። መለያው ቀላል ነው። አንድ ጥርስ ወደዚህ ብታዞሩት ልዩነቱ ከበፊቱ በጣም የሚብስ ከሆነ፣ ወደዚያም ብታዞሩት የሚብስ ከሆነ፣ የያዛችሁት ትክክለኛው ነው።

መግጠምና ማስነሳት

የታችኛውን ሽፋን፣ ፑሊውን፣ የሞተር መያዣውን መልሱ። የክራንክ ብሎኑን አምስተኛ ማርሽና ፍሬን ይዛችሁ በ118 ኒውተን ሜትር እሰሩ። ይህ ብሎን በግምት አይታሰርም። ከላላ ፑሊው ቁልፉን (ፑሊውን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘውን ትንሽ ብረት) ይበላና የክራንኩን ጫፍ ያበላሻል። ካንዴላዎቹን፣ የላይ ክዳኑን፣ የውጪ ቺንጋዎቹን መልሱ፣ ከዚያ ባትሪውን።

ሲነሳ ድምፁ ለስለስ ያለ መሆን አለበት። ከሽፋኑ ውስጥ ሲጮህ ከሰማችሁ ቺንጋው ከመጠን በላይ ተወጥሯል ወይም ሽፋኑን እየነካ ነው፤ አጥፉት። ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ከነካካችሁት የእሳት ሰዓቱን በመብራት አሳዩ። በዚህ ሞተር መመርመሪያው ሶኬት ላይ ቲኢ1ና ኢ1 የሚባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው 10 ዲግሪ ላይ ነው የሚታየው። ያ 10 የሚያገለግለው አሁን ነው።

ጉልበቱን ስትፈትኑ ትንሽ ተጠንቀቁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሁልጊዜም ይደክመዋል። ስለዚህ «ቆላ ካለው ዘመዴ መኪና ያነሰ ነው» ብላችሁ ታይሚንጉን አትክሰሱ። የምታወዳድሩት ከራሱ ከመኪናው ጋር ነው። ከዚህ በፊት ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጡ በየትኛው ማርሽ የቱን መታጠፊያ ትወጡ ነበር? አሁን በዚያው ማርሽ ካቃሰተ፣ ቆሞ ሲሠራም ከተንቀጠቀጠ፣ ቤንዚንም ከጨመረ አንድ ጥርስ ሄዷል። ሽፋኑን አንሱና ምልክቱን እዩ።

ለዶልፊን ባለቤቶች

3ኤል ወይም 5ኤል ናፍጣ የጫነ ሚኒባስ ከሆነ ግቢ ውስጥ አትጀምሩት። በናፍጣ ሞተር ፒስተንና ቫልቭ መሃል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ምልክቱ ከሳተ ቫልቭ ይታጠፋል፣ ቴስታታ ይወርዳል። የሚገጥመውም ምልክት ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው፦ ክራንክ፣ ካምና የናፍጣ ፓምፕ። የፓምፑ ጊር ውስጡ ባለው ሞላ ተገፍቶ ቺንጋው እንደወጣ ይዘላል። ልምድ ያለው መካኒክ በብሎን ወይም በቁልፍ ይዞ ያቆመዋል፤ ያልለመደ ሰው ግን ምልክቱን ሲፈልግ ይመሻል።

ጋራዥ ብታስገቡትም አጠገቡ ቁሙ። ሦስቱ ምልክቶች ገጥመው በዓይናችሁ እዩ፤ «በእጅ ሁለት ዙር አዙርልኝ» በሉት። ጥሩ መካኒክ ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም። ዳሽቦርዱ ላይ ቲ-ቤልት የሚል መብራት ካለም አብሮ እንዲያስተካክለው ንገሩት። መብራቱ የሚበራው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ በቆጣሪው ነው። የቺንጋውን ሁኔታ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ካልተስተካከለ አዲስ ቺንጋ ገብቶም እንደበራ ይቀራል።